ሱቅ ውስጥ መተኛት

«ፕላስቲኩን እንዳትነኪው!» ሲል አድማሴ ከሱቁ ጥግ ጮኸ።

ፀገነት እጇን አላነሣችም። «ሳይነኩት እንዴት ይገዛል?»

«በዓይን! ሰው ፍራሽ የሚገዛው በዓይኑ ነው። ፕላስቲኩ ከተቀደደ ገዛሽው ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ክርክር አላውቅም።»

ዕለቱ የገበያ ቀን ነበር። የወረታ አስፋልት በባጃጅና በጋሪ ተጨናንቋል፤ ከፀሐዩ የሸሸው ሁሉ የአድማሴ ሱቅ በረንዳ ላይ ተከማችቶ ወደ ውስጥ ያያል። የፀገነት እናት ደብረወርቅ የበሩን መቃን ተደግፋ ቆማለች። አንድ እጇ ወገቧ ላይ ነው። አድማሴ ወንበር ሲያቀርብላት እምቢ ብላዋለች። መቀመጡ አልነበረም የከበዳት፣ መነሣቱ ነው።

ባለፈው ክረምት ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ካለው ማሳቸው ሩዝ ስታርም ሰነበተች። እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ፣ ጎንበስ እንዳለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቀና ልትል ብትሞክር አልሆነላትም፤ እየጮኸች በሰው ትከሻ ወጣች። ከዚያ ወዲህ በጭቃው መደብ ላይ ቁርበት አንጥፋ ስትተኛ ጎኗን ያሳምማታል፣ ጠዋት የምትነሣውም መጀመሪያ በጎኗ ዞራ፣ እግሯን አውርዳ፣ በክርኗ ገፍታ ነው። ፀገነት ያንን አነሣስ በየቀኑ እያየች በቃሏ ይዛዋለች።

ባሕር ዳር ሆስፒታል እናቷን ያየቻት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያለችውን ያዳመጠችውም ፀገነት ነበረች። «ወፍራም ነው ብላችሁ አትሸወዱ» ብላ ነበር ባለሙያዋ። «ወገቧ ከገባበት አይሆንም፤ እንደ መደብ ከደረቀም አይሆንም። በጀርባዋ ትተኛበትና እጅሽን ከወገቧ ሥር አስገቢ። ሰፊ ክፍተት ካገኘሽ ፍራሹ ጠንክሯል። እጅሽ አልገባ ካለ ደግሞ ለስልሷል። ሳትተኛበት ግን አትግዙ።»

ሦስተኛዋ ገዢ እትዬ እናኑ ነበሩ፤ የአባቷ ታላቅ እኅት። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት ከእነሱ ጋር ነው። በቤቱ ውስጥ የማይነቅፉት ነገር የለም፤ ከሁሉ ይልቅ ግን የደብረወርቅን ወገብ።

«በእኛ ጊዜ ወገብ የሚባል ነገር አልነበረም» አሉ አሁንም፣ ሱቁን በዓይናቸው እየዞሩ። «አሁን ይኸው ሐኪሙም ወገብ፣ ልጁም ወገብ፣ ፍራሹም ወገብ።»

ደብረወርቅ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

አድማሴ አልጋ ላይ ያነጠፈውን አንድ ወፍራም ፍራሽ በመዳፉ ተጫነው። እጁን ሲያነሣ የአምስቱ ጣቶች ቅርጽ ታትሞ ቀረ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ጠፋ። «ይኸ ሜሞሪ የሚሉት ስፖንጅ ነው። ከአዲስ አበባ ገና መግባቱ ነው። ገላን ያስታውሳል፤ የተኛበትን ሰው አይረሳም።»

«ሜሞሪ ካርድ አለው እንዴ?» አለች ፀገነት። በረንዳው ላይ የቆሙት ሳቁ። አድማሴ አልሳቀም።

እትዬ እናኑ ተጠግተው ተጫኑት። ደጋግመው ተጫኑት። «ይኸ ነው! ውፍረቱን አይታችሁልኛል? የቄስ ቤት ነው፣ እንግዳ ይገባል፣ እንግዳ ይወጣል። ይኸ ያኮራል።»

«ለእንግዳ አይደለም የምንገዛው» አለች ፀገነት። «እዚያ ጋ ያለውስ፣ ቀጠን ያለው?»

«እሱም ሜሞሪ ነው» አለ አድማሴ ዓይኑን ሳያዞር። «ሥሩ ደረቅ ስፖንጅ ነው፣ ላዩ ብቻ ነው ለስላሳ። ማንም አይወስደውም።»

«እማዬ ሁለቱንም ተኝታ ትሞክራቸው።»

ደብረወርቅ ልጇን እንዳላወቀቻት አየቻት። «ምን አልሽ?»

«ሐኪሟ ሳትተኛበት አትግዙ ብላለች። ሰማሽ እኮ።»

«እዚህ? ገበያ መኻል? የቄስ ባምላክ ሚስት ወንድ ፊት ተጋድማ ታየች ይበሉኝ?»

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እማዬ!»

«ሱቄን ሆስፒታል አደረጋችሁት!» አለ አድማሴ ለበረንዳው ሰው ጭምር። «ዛሬ የሚተኛ መጣ፣ ነገ የሚወልድ ይመጣል።»

ሳቁ በረታ። ፀገነት ፊቷ ነደደ። «አንተ ዝም በል! ውዱን ልትጭንብን ነው! ሌባ!»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳለች የገባት። በረንዳው ላይ ሰው ጨመረ። ደብረወርቅ ከመቃኑ ተላቀቀች፤ ሕመሙ እስኪያንቀጠቅጣት ድረስ በቁጣ ቀና ብላ ነበር።

«ዝም በይ! አዋረድሽኝ። ወገቡ የኔ ነው፣ ያንች አይደለም!»

አድማሴ ቢሰድባት፣ እትዬ እናኑ ቢሰድቧት አይደንቃትም። ይኸኛው ግን ከእናቷ አፍ ነው የወጣው።

«ይኸን ሁሉ ወግ ለአንድ ፍራሽ!» አሉ እትዬ እናኑ። «ዞር በሉ። እኔ ላሳያችሁ።» ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወፍራሙ ፍራሽ ላይ ቁጭ አሉ፤ ከዚያ በጀርባቸው ተንጋለሉ። ስፖንጁ ከዳሌያቸው ጀምሮ ዋጣቸው። «ይኸው። ደመና ነው» አሉ ወደ ጣሪያው እያዩ። «ምን የሚያስፈራ አለው?»

ሊነሡ ሞከሩ። አልተነሡም።

መጀመሪያ ማንም ልብ አላለም። እንደገና ሞከሩ፤ ትከሻቸው ትንሽ ተነሣና ተመለሰ። የላይኛው ከንፈራቸው በላብ ረጠበ። ቀስ ብለው በጎናቸው ዞሩ፣ እግራቸውን ወደ ወለሉ አወረዱ፣ ክርናቸውን ተከሉ። ፀገነት ዓይኗን ማመን አቃታት። በየጠዋቱ የምታየው የእናቷ አነሣስ ነበር፤ አንድም ነገር አልጎደለውም። እንዲህ አድርጎ መነሣት በአንድ ቀን አይለመድም።

«ጣፈጣቸው! አልነሣም አሉ እኮ!» አለ አድማሴ። በረንዳው በሳቅ ፈነዳ።

የእትዬ እናኑ ክርን ለስላሳው ስፖንጅ ውስጥ ሰመጠ። ቀና ብለው ፀገነትን አዩዋት። «እጅሽን» አሉ፣ ከንፈራቸው ብቻ እየተንቀሳቀሰ።

ፀገነት አልተንቀሳቀሰችም። ይቆዩ፣ አለች በልቧ። ትንሽ ይቆዩ። እናቴን ሲሰድቡ የከረሙት ሴት እዚሁ ይቆዩ። ደስ ብሏት ነበር፤ ደስታው ግን ሴትዮዋ ዓይናቸውን እስኪጨፍኑ ድረስ እንኳ አልቆየም። ጎንበስ አለች፣ ክንዷን በብብታቸው ሥር አሳለፈችና አነሣቻቸው። ሰውነታቸው ከጠበቀችው በላይ ቀላል ነበር።

«እግሬ ደንዝዞ ነው» አሉ እትዬ እናኑ ጮክ ብለው። ከዚያ ወደ ጆሮዋ፦ «ትንፍሽ ብትይ ወየውልሽ!»

ፀገነት ወደ ቀጭኑ ፍራሽ ሄደችና ፕላስቲኩን ከላይ እስከ ታች በጥፍሯ ተረተረችው።

«ቀደደችው!» አድማሴ እየጮኸ መጣ። «ገዛችሁት! ሁላችሁም ምስክር ናችሁ!»

«እናቴ ትተኛበትና ካልሆነ ያን ጊዜ እንካሰሳለን።» ፍራሹን እየጎተተች ከተደረደሩት ፍራሾች ኋላ፣ ከመንገድ ከማይታየው ጥግ አነጠፈችው። እናቷን አላየቻትም፤ ደግማ ለመለመን ድምፅ አልነበራትም።

የተንቀሳቀሱት እትዬ እናኑ ነበሩ። ወደ በሩ ሄደው ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ቆሙ። «ምን ታያላችሁ? ፍራሽ አይታችሁ አታውቁም? ሥራ ፈት ሁላ! አንተም ውጣ!» አድማሴን በገዛ ሱቁ ገፍተው አስወጡት። «አንችስ ደብረወርቅ፣ ምን ይገትርሻል? እጄ ሳይዝል ተኝ!»

ደብረወርቅ ወደ ጥጉ ሄደች። ጉልበቷን አጠፈች፣ በጎኗ ሆነች፣ ከዚያ በጀርባዋ። ፀገነት ከእናቷ ወገብ ሥር መዳፏን ላከች። እጇ ገባ፤ ሰፊ ባዶ ቦታም አላገኘም፣ አልታፈነምም። የእናቷ ሙቀት ብቻ ነበር።

«እንዴት ነው?»

በደብረወርቅ ግንባር ላይ ተቋጥሮ የከረመው ነገር ቀስ ብሎ ተፈታ። «ትንሽ ተይኝ» አለች፣ ዓይኗን ጨፍና። «ተይኝ እስቲ።»

ፍራሹ በጋሪ ተጭኖ ቤት ሲደርስ አባቷ ቄስ ባምላክ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ማንም አፉን ሳይከፍት እትዬ እናኑ ቀደሙ።

«ልጅህን ጠይቃት! ገበያ መኻል ስትጮኽ፣ ነጋዴውን ሌባ ስትል፣ የሰው ዕቃ ስትቀድ ዋለች። በቤትህ ስም ወረታ ሁሉ ሲስቅ ዋለ!»

ቄስ ባምላክ ጭራቸውን አስቀመጡ። «እውነት ነው?»

ፀገነት መልሱ አፏ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። የተሳቀው በማን ነው? እሳቸው ራሳቸው ተኝተው መነሣት አቅቷቸው አይደለም? ወገባቸው ከእማዬ ቢብስ እንጂ አያንስም። አንድ ትንፋሽ ይበቃዋል። ቀና ብላ አክስቷን አየች። እትዬ እናኑ የቤቱን ምሰሶ በእጃቸው ጨብጠው ቆመዋል፤ እየጠበቁ ነው። ፊታቸው ላይ ቁጣ አለ፤ ዓይናቸው ውስጥ ያለው ግን ቁጣ አልነበረም። ፍርሃት ነበር።

በዚህ ቤት የሳቸው የሆነ መሬት የለም፣ ከብት የለም። ያላቸው ሲያርሙና ሲሸከሙ የሚታየው እጃቸው ብቻ ነው። ደብረወርቅ ጎንበስ ማለት ቢያቅታት የቤቱ እመቤት ናት። እሳቸው ቢያቅታቸውስ?

«እውነት ነው» አለች ፀገነት። «ጮኼያለሁ። ሌባም ብየዋለሁ።»

«ነገ ሄደሽ ይቅርታ ትጠይቂዋለሽ። ስትሰድቢው በሰማ ሰው ሁሉ ፊት!»

«እሺ፣ አባባ።»

ደብረወርቅ ልጇን አየቻት፣ እትዬ እናኑንም አየቻቸው። እትዬ እናኑ ምሰሶውን ለቀው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ወዲያው እዚያ ሆነው ስለ ድስቱ አለመታጠብ መሳደብ ጀመሩ።

በማግስቱ ጠዋት ፀገነት ልብሷን ለብሳ ስትወጣ እትዬ እናኑ ቢጫውን ጀሪካን ለማንሣት እየጎነበሱ ነበር። አካሄዷን አፈጠነችና ቀድማ አነሣችው።

«አስቀምጭው! ማን ንኪ አለሽ?»

«አድማሴ ጋ እስክሄድ ቀድቼ እመለሳለሁ።»

«አስቀምጭው አልኩሽ! ውሃ እንደሆነ በየቀኑ የምቀዳው እኔ ነኝ!»

«ነገም እኔ ነኝ የምቀዳው» አለች ፀገነት። ስድቡ እስከ ግቢው በር ተከተላት። ጀሪካኑን በሌላው እጇ ቀየረችና ወደ ቦኖው የሚወስደውን መንገድ ያዘች።