«ጦር አውርድ!» ያለችው ልጅ

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆች፤ ስለ እማዬ ላውራችሁ። እማዬ ድሮ እንደ እናንተ ትንሽ ልጅ ነበረች። እውነቴን ነው!

ስሟ እጅጋየሁ ነው። የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነበር፤ ብርዱ አፍንጫ የሚቆነጥጥበት ከተማ።

እጅጋየሁ መወርወር ትወድ ነበር። ድንጋይ ካገኘች ድንጋይ፣ እንጨት ካገኘች እንጨት፣ ሽው!

ከሁሉ የምትወደው ግን የአባቷን ከዘራ ነበር። ሽው... ብሎ ይሄድና፣ ጭክ! ብሎ ጭቃው ላይ ይተከላል።

«አንቺ ልጅ፣ ከዘራዬን!» ይላሉ አባቷ። እሷ ደግሞ ሮጣ ታመጣውና፣ እንደገና ሽው... ጭክ!

አንድ ቀን በትምህርት ቤቱ ሜዳ ትልልቆቹ ተማሪዎች ረጅም፣ ቀጭን፣ ጫፉ የሾለ ነገር ሲወረውሩ አየች። አፏን ከፍታ ቀረች።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ብላ የስፖርት አስተማሪውን ጋሽ ተድላን ጠየቀቻቸው።
«ጦር ነዋ! ጦር ውርወራ እኮ ነው» አሏት።

«እኔም ጦር እፈልጋለሁ!»
«አይ እጅጋየሁ፣ ያለን አንድ ጦር ብቻ ነው፤ እሱም ለትልልቆቹ ነው። የራስሽን ካመጣሽ ግን አስተምርሻለሁ።»

የራሷን? ጦር ደግሞ ከየት ይመጣል?

እያሰበች፣ እያሰበች ወደ ቤቷ ሄደች። ድንገት ትዝ አላት! ትልልቅ ሰዎች ነገር ፈላጊ ሰው ሲያዩ፣ «ይሄ ሰው ጦር አውርድ እያለ መሬት ይደበድባል» ይላሉ።

«ለካ ጦር ከሰማይ ነው የሚወርደው!» አለች። «ለካ መሬቱን መደብደብ ነው!»

ዱላ አነሳች። ዱብ! ዱብ! «ጦር አውርድ!» ዱብ! ዱብ! «ጦር አውርድ!»

ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ምንም የለም። ዱብ! ዱብ! «ጦር አውርድ!»

ጎረቤታቸው እማማ ሸዋረገድ ነጠላቸውን እየጎተቱ ወጡ። «ኧረ በስመ አብ! ምነው ልጄ፣ ሰላሙ ሰለቸሽ እንዴ?»

«ብዙ አይደለም እኮ እማማ» አለች እጅጋየሁ። «አንድ ትበቃኛለች። ቀጭን ብትሆን ደግሞ ደስ ይለኛል።»

እማማ ሸዋረገድ አማተቡ። «ያንተ ያለህ! ቀጭን ጦርነት አለ እንዴ?»

ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። አባቷም መጋዛቸውን እንደያዙ መጡ፤ አናጢ ነበሩ።

እጅጋየሁ ማልቀስ ጀመረች። «ጋሽ ተድላ የራስሽን ጦር አምጪ አሉኝ! ሜዳ ላይ የሚወረወረውን! ማንንም አይወጋም!»

ከዚያ እማማ ሸዋረገድ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ወይ ልጄን! ጦር አውርድ ሲባል እኮ ጦርነት አውርድ ማለት ነው፤ ሰው የሚያጫርሰውን። እሱስ ባለበት ይቅር!»

አባቷ ተንበርክከው እንባዋን ጠረጉላት። «የአንቺ ጦር ከሰማይ አይወርድም፤ ከባሕር ዛፍ ነው የሚወጣው» አሏት።

ሽርክ! ሽርክ! ሽርክ! ባሕር ዛፉን ላጡት፣ አለሰለሱት፣ ጫፉን አሾሉት። እጅጋየሁ ጦሯን አቅፋ ሮጠች።

መወርወሩ ግን ቀላል አልነበረም። ጦሯ በሆዷ ወደቀች፤ ቧ!

«አፍንጫዋ ይቅደም፣ እጅጋየሁ!» አሉ ጋሽ ተድላ። «አፍንጫዋ ይቅደም!»

በነጋታውም ቧ! በሳምንቱም ቧ! ክረምት መጣ፣ ክረምት ሄደ፤ አሁንም ቧ!

አንድ ቀን ግን እጅጋየሁ ሮጠች፣ ክንዷን ወደ ኋላ ሳበች፣ ወረወረች። ሽው... ጭክ!

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላት! እጅጋየሁ አደገች፤ ውርወራዋም አብሮ አደገ። ሰፈርተኛው ግን ስሟን ትቶ «ጦር አውርድ» ነበር የሚላት።

ከዚያ አዲስ አበባ ስታዲየም ለውድድር ሄደች። የመጀመሪያው ውርወራ ቧ! በሁለተኛው መስመሩን ረገጠች፤ ዳኛው ቀይ ባንዲራ አነሳ።

አንድ ብቻ ቀራት። «አፍንጫዋ ይቅደም» አለች ለራሷ።

ሮጠች። ሳበች። ወረወረች። ሽው............ ጭክ! የወርቅ ሜዳሊያ!

ስድስት ዓመት ማንም አላሸነፋትም። በአውሮፕላን አገር ለአገር ዞረች፤ ያንን ረጅም ጦር ይዛ ስትሄድ ሰዉ ሁሉ ዞር ብሎ ያያት ነበር።

ከዚያ እኔ ተወለድኩ። ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ግን የእማዬ ትከሻ ያማት ጀመር።

«አንድ ቀን ብቻ ልወዳደር፤ ከዚያ ይበቃኛል» አለች። እኔንም ይዛኝ ሄደች።

ሽው... ጭክ! ግን ቅርብ ነበር፤ በጣም ቅርብ። እማዬ መጨረሻ ወጣች።

እኔ ኡኡ ብዬ አለቀስኩ። እማዬ ግን እየሳቀች መጣች።

«ምን ሆነሻል የኔ እናት?»
«ተሸነፍሽ!»
«ተሸነፍኩ እንጂ! ግን ጦሬን ስትበር አየሻት? እኔ እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ የፈለግኩት መወርወሩን ነው።»

ልንወጣ ስንል ዞር ብላ ሜዳውን አየችው። ዓይኗ እንባ ሞላ። «በጣም ይናፍቀኛል» አለች፤ እኔም ወገቧን እቅፍ አደረግኳት።

አውቶቡስ ተሳፍረን ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስን። እኔ ደህነኛው ትከሻዋ ላይ ተኛሁ፤ እማዬ እንዳልነቃ ብላ እስከ ቤታችን ድረስ ንቅንቅ አላለችም።

አሁን እኔ ትልቅ ሰው ሆኛለሁ፤ የእማዬም ፀጉር ሸብቷል። አውቶቡስ ስንሳፈር እሷ ናት የምትተኛው፣ እኔ ትከሻ ላይ።

ኹር... ፊው! ኹር... ፊው! «እማዬ፣ አንኮራፋሽ እኮ!»
«ማ? እኔ? በፍጹም!» ትልና፣ ተመልሳ ትተኛለች።

ትከሻዬ ይደነዝዛል። ቢደነዝዝስ? እስከ ቤታችን ድረስ ንቅንቅ አልልም።