ባለ ሁለት ጭራዎቹ ምስክሮች

ሬሳው ከጨርቅ ማቅለሚያ ቤቱ የፍሳሽ ቱቦ ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። ራሱ ውኃው ውስጥ ነው፤ ቦቲ ያጠለቁት እግሮቹ ጭቃው ላይ። ቁንጫ መጀመሪያ ያየችው ቦቲውን፣ ቀጥሎ የተመታውን ማጅራት፣ ቀጥሎ ቱቦውን ነው። ከዚያ ወዲያ ምንም ማየት አልፈለገችም። ቱቦውም ማቅለሚያ ቤቱም የአባቷ ነዋ!

ቁንጫ ያሏት ትንሽ ሆና ስለምትዘልና በአፏ ስለምትናከስ ነው። ያን ማለዳ ግን መዝለሉ ቀርቶ መቆምም አቃታት።

ሟቹን ሰው ሁሉ «ዝምታው» ይለዋል፤ ደህና አደራችሁ ካለ ለቀኑ በቃው። እሱ፣ ጡረታ የወጣችው ነርስ እኅቱ፣ ዓሣ የሚያረባው ባለ ኩሬና ቁንጫ ትራውት የተባለውን ዓሣ ማጥመድ የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ በፈቃዳቸውም የወንዙን ጤና ይከታተሉ ነበር። ሥራው ድንጋይ መገልበጥ ነው። ከድንጋዩ ሥር የነፍሳት እጮች ከተርመሰመሱ ወንዙ ጤነኛ ነው፤ ትራውቱም አይራብም። ባለ ሁለት ጭራዋ እጭ ደግሞ ቅምጥል ናት፤ ውኃው ትንሽ ከቆሸሸ አኩርፋ ትሞታለች።

ወንዙን ተካፍለውታል። ምንጩ ከላይ ነው፣ ባለ ኩሬው ባጠረው ግቢ ውስጥ። ከኩሬው እስከ ማቅለሚያ ቤቱ ያለውን ባለ ኩሬው ራሱ ያያል፤ ከማቅለሚያ ቤቱ በታች ያለውን ሌሎቹ። እታች እጮቹ አልቀዋል። ባለ ኩሬው ግን ሁልጊዜ «የኔ ድርሻማ ሞልቷል» ይላል። ጣት ሁሉ የቁንጫ አባት ላይ የተቀሰረው ለዚህ ነው።

«ወንድሜን በላኸው!» ነርሷ ደረቷን እየደቃች ጮኸች። «ወንዙን መግደሉ አልበቃህ አለ?»

የቁንጫ አባት ማቅለሚያ ቤቱ በር ላይ እንደቆመ ቀረ። ትናንት አመሻሽ ላይ እስከ ጭኑ ርሶ መግባቱን የምታውቀው ቁንጫ ብቻ ናት። ሰው ሳያያት ሮጣ ገብታ የወንዙ ጭቃ እንዳይታይበት ሱሪውን ሰማያዊ ቀለም ያለበት በርሜል ውስጥ ነከረችው። እጇም እስከ ክርኗ አብሮ ሰማያዊ ሆነ። ብልጠት እንዲህ ነው!

መርማሪዋ ጉንፋን ይዟት፣ አንገቷን በሻርፕ ጠምጥማ መጣች። ሬሳውን ሳታይ የቁንጫን እጅ አየች።

«እጅሽ ያምራል» አለቻት።

ቁንጫ እጇን ከኋላዋ ደበቀች።

«ነይ እስቲ፣ አፍንጫዬ ተደፍኗል። የዚህን ቦቲ ሶል አሽትቺልኝ።»

«የ... የሬሳውን?»

«የኔንማ ማን ይደፍረዋል?»

ቁንጫ ዓይኗን ጨፍና አሸተተች። «በረኪና በረኪና ይላል።»

«ጭቃስ አለው?»

ዓይኗን ገለጠች። የቆሙበት ጭቃ ቀለም የጠጣ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚውጥ ነው። የሟቹ ሶል ግን እንደ ሳህን ጸድቷል። «ምንም የለውም» አለች በሹክሹክታ።

መርማሪዋ ቦቲውን አውልቃ፣ ውስጡ የተጠራቀመውን ውኃ አጥማጆቹ እጭ በሚያዩበት ነጭ ሳህን ላይ ገለበጠችው። ጥቂት እጮች ተንፈራገጡ። ጭራቸው ሁለት ሁለት ነው።

«በሕይወት አሉ!» ብላ ጮኸች ቁንጫ፤ ከዚያ አፏን በሰማያዊ እጇ ያዘች። የተናገረችው ሁሉ የአባቷን አንገት የሚያስር ገመድ መሰላት።

ነርሷ ለጥያቄ ስትቀርብ እንባዋ አልደረቀም ነበር።

«ትናንት ተጣልተናል» አለች። «እሱ ከኔ ጋር! ‹ሰውየውን በከንቱ አማነው› አለኝ። ይኼን አቅላሚ ማለቱ ነው። ጮኽኩበት። ‹ላረጋግጥ› ብሎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ።»

ባለ ኩሬው ደግሞ እጁን አጣጥፎ፣ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ቁልፍ እያሻሸ ተቀመጠ።

«ትናንት እኔ ጋ አልመጣም፣ እመቤቴ። የግቢዬ ቁልፍ አንድ ነው፤ እሱም ይኸውና። ያለ እኔ ፈቃድ ወፍም አይገባም።»

«ለምንድነው እንዲህ የሚጠነቀቁት?»

«ዓሣዎቼ እንዳይታመሙብኝ ነዋ! እንግዳ ሲመጣ ጫማውን በበረኪና ካልፈተግሁ አላስገባም። አጥማጆቹ ‹ጫማ ጠራጊው› እያሉ ይስቁብኛል።»

መርማሪዋም ሳቀችና አስነጠሳት። ከዚያ ቁንጫንና ነርሷን ከኩሬው በታች ወዳለው የባለ ኩሬው ድርሻ ላከቻቸው።

ቁንጫ አንድ ድንጋይ ገለበጠች። ባዶ። ሌላውም ባዶ። ዞር ስትል ነርሷ ትልቅ ድንጋይ በሁለት እጇ አንስታ ከኋላዋ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«እትዬ... እባክሽ...»

«ይኼም ባዶ ነው» አለች ነርሷ። ድንጋዩን በነበረበት መለሰችው፣ አረንጓዴ የለበሰውን ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ። «ሞልቷል አላለንም እንዴ?»

እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ማቅለሚያ ቤቱ ውስጥ በበርሜሎቹ መካከል ተሰበሰቡ። ፖሊሶች በሩን ያዙ። መርማሪዋ በረጅሙ ዱላ ሰማያዊውን በርሜል አማሰለችና ሱሪውን ጎልጉላ አወጣች። ቁንጫ ነፍሷ ወጥታ ተመለሰች።

«ሱሪዬ!» አለ አባቷ። «ምን አጥፍቶ ነው?»

«የልጅዎ ሰማያዊ እጅ ነገረኝ፤ ይህን ደብቃለች፤ ትናንት ወንዝ ገብተው ነበር ማለት ነው። የት ነበሩ?»

አባቷ ጺሙን አከከ። ሰው ገደልህ ሲሉት እንኳ እንዲህ አላፈረም። «ድንጋይ ስገለብጥ ነበር፤ እዚሁ ከቱቦዬ በታች። ማጣሪያ ገንዳ ካሠራሁ ወዲህ ሁልጊዜ እሞክራለሁ። ያቺ ባለ ጭራ ከመጣች ብዬ... ባዶ ነው። ለልጄ ምን ብዬ ልንገራት?»

ቁንጫ ዓይኗን ከሱሪው ላይ ነቅላ አባቷን አየችው።

መርማሪዋ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ሟቹ ጭቃው ላይ በእግሩ አልመጣም፤ ሶሉ ንጹሕ ነው። ተሸክመው አምጥተው ጣሉት። ከዚያ በፊት የነበረበት ቦታ አፈር እንዳያሳብቅ አንድ ሰው ቦቲውን በበረኪና ፈትጓል። ውስጡን ግን አላየም። ባለ ኩሬ፣ እርስዎ ዐዋቂ ነዎት። እነዚህ ከየት መጡ?»

ባለ ኩሬው ሳህኑን አየና ከንፈሩን ላሰ። «ከ... ከኔ ድርሻ። ከኩሬው በታች ሞልተዋል።»

«ሞልተዋል?»

«ውሸታም!» ነርሷ ተነሣች። «ገለበጥነው እኮ! አንድም የለም!»

«የለም» አለች መርማሪዋ። «ያለው ምንጩ ጋ ብቻ ነው፤ ከበሩ ወዲያ፣ ያለ እርስዎ ቁልፍ ወፍ በማይገባበት። ወንዙ የሚሞተው ከኩሬዎ ጀምሮ ነው፤ አቅላሚው ዘንድ የሚደርሰው ከሞተ በኋላ። ዝምታው ሊያረጋግጥ መጣ፤ በሩን እርስዎ ከፈቱለት፤ ምንጩ ውስጥ ገብቶ ይህን አወቀና ነገረዎት። እርስዎም ገድለው እዚህ ሲጥሉት ሁለቱንም ወንጀል አቅላሚው ላይ ጫኑ። ሌላ ሰውን በጭቃ መካከል ንጹሕ ቦቲ ያስደነግጠዋል። ለእርስዎ ግን ጫማ ማለት ንጹሕ ነው!»

ባለ ኩሬው ቁልፉን ጨበጠ። ቁንጫ ከአጠገቡ ነበረች፤ ትንፋሹ ፊቷን ሲመታት ወደ ኋላ ሸሸች።

«የዓሣዎቼ መድኃኒት ነው» አለ፤ ድምፁ ቀጥኗል። «ትንሽ ትንሽ ነው ወንዙ ውስጥ የማፈሰው። ዝም በል አልኩት! ዕድሜ ልኩን ዝም ብሎ ኖሮ፣ ትናንት መናገር አማረው!»

ወሰዱት። ነርሷ ሳህኑን አንስታ፣ ጠዋት «በላኸው» ያለችው ሰው ፊት ቆመች። ሳህኑን እጁ ላይ አኖረችለት።

«ከነገ ጀምሮ የወንድሜን ድርሻ አንተ ታያለህ» አለች።

የቁንጫ አባት ሳህኑን በሁለት እጁ አጥብቆ ያዘ። «ብደፋቸውስ?»

«ቀስ ብለህ ሂድ፣ አባዬ» አለች ቁንጫ። «ምስክሮችህ ናቸው።»

ሦስቱም እጮቹን ወደ ቦታቸው ሊመልሱ ወደ ምንጩ ወጡ። ከኩሬው በላይ እስኪደርሱ ድረስ ቁንጫ፣ ያቺ ተናካሿ፣ የአባቷን እጅጌ አልለቀቀችም።