ማንም የማይቀመጥበት ሣር

ረድኤት ኢስማኢልን ያወቀችው የተሽከርካሪው ወንበር ጎማ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ አልወጣ ባላት ቀን ነው።

አሠሪዋ ማማ ፈውዚያ እግራቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ፣ ፀሐይ በረድ ሲል ጅዳ፣ ኦብሑር ባሕር ዳር ወዳለችው ትንሽ መናፈሻ መወሰድ ይወዱ ነበር። የዚያን ቀን ሣሩ ገና ውሃ መጠጣቱ ነው። ረድኤት ብትገፋ ብትጎትት ወንበሩ እንቢ አላት። «እባክህ፣ አንተ፣ እሺ በለኝ» አለችው።

«የወሎ ልጅ ነሽ?» አለ ከኋላዋ የአትክልት ውሃ ጎማ የያዘ ወጣት።

«በምን አወቅህ?»

«ወንበር የሚለማመጥ የኛ አገር ሰው ብቻ ነው።»

ማማን ከነወንበራቸው አንሥቶ ደረቅ መሬት ላይ አሳረፋቸው። ኢስማኢል የሐርቡ ልጅ ነበር፤ እሷ የሐይቅ። የከተማዋን አረንጓዴ ቦታዎች በመንግሥት ገንዘብ የሚንከባከብ አንድ ድርጅት ቀጥሮት ዛፍና ሣር ያጠጣል።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ተያዩ። ወሬያቸው ጥቂት ነበር። እሱ ውሃውን ወደ ሌላ ዛፍ ያዞራል፤ እሷ የማማን ሻርፕ ታስተካክላለች። ቤት ውስጥ ስሟ አልያዝ ብሏቸው «ራዳ» ነው የሚሏት። እሱ ግን «ረድኤት» ሲላት፣ ለካ ስሜ ይህን ያህል ያምራል ትላለች በሆዷ።

አንድ ምሽት እራት ላይ የማማ ልጆች ተከራከሩ። ትልቁ መንግሥት መሥሪያ ቤት በጀት ክፍል ይሠራል፤ ትንሹ አስተማሪ ነው። መንግሥት ወጪ ሊቀንስ መሆኑ በየቤቱ ይወራ ነበር።

«ከባሕር ጨውን ለይተን በስንት ወጪ ያጣራነውን ውሃ፣ ማንም ለማይቀመጥበት ሣር እናፈሳለን» አለ ትልቁ። «ይህ ብክነት ካልሆነ ምን ይሆናል?»

«ለአንድ ምሽት ርችት የሚወጣው ስንት መናፈሻ ያጠጣል?» አለ ትንሹ። «ቁረጡ ሲባል ግን መቀሱ ሁልጊዜ ከታች ነው የሚጀምረው።»

«እኔ እቀመጥበታለሁ» አሉ ማማ ፈውዚያ።

ልጆቹ ሳቁ። ሻይ ትቀዳ የነበረችው ረድኤት ብቻ አልሳቀችም። የሚያወሩት ስለ ሣር ነው፤ ለእሷ ግን ስለ አንድ ሰው ነበር።

በማግስቱ ለኢስማኢል ነገረችው። ይደነግጣል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን የሚፈሰውን ውሃ እያየ ጎማውን ወደ ሌላ ዛፍ አዞረ።

«ሰውየው አልዋሸም» አለ። «እናቴ ጀሪካን ተሸክማ የምትሄደውን መንገድ አውቀዋለሁ። እዚህ ንጹሕ ውሃ መሬት ላይ ሳፈስ፣ ወላሂ፣ እጄ ይሸማቀቃል።»

«ይቁም ነው የምትለው?»

«እውነቱን ተናግሯል ነው የምለው።»

ረድኤት ወንበሩን አዞረች። የተረዳችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ልጅ ካለእኔ መኖር ይችላል። በማግስቱ ነፋሱ በርትቷል ብላ ማማን ቤት አስቀረቻቸው። ኩርፊያው ሲበርድላት ብትወጣ ኢስማኢል የለም፤ የውሃው ጎማም የለም። የመናፈሻው ሥራ ተቋርጦ፣ ድርጅቱ እሱን መካ፣ ዛሂር ሰፈር፣ የሐጃጆች ማረፊያ እንዲያጸዳ ልኮታል።

ከጅዳ መካ ቅርብ ነው፤ አገር ቤት ቢሆን ለገበያ ደርሰው የሚመለሱት መንገድ። ግን አውራ ጎዳናው ላይ አንድ ቦታ አለ፤ ሙስሊሙ ቀጥ ብሎ ያልፋል፣ ሌላው ይታጠፋል። ረድኤት አንገቷ ላይ ማተብ አለ።

ስልኳ ጠራ፤ ኢስማኢል ነበር፤ ሳይሰናበተኝ ሄደ ብላ አላነሣችውም። ደግሞ ጠራ። ኋላ ላይ ለማንሣት ብትፈልግም ምን እንደምትል ጠፋት። ሣሩ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎም አፈር። ማማ ግን መሄዳቸውን አልተዉም፤ ሁለቱ ሴቶች ደረቁ መሬት ላይ ሆነው ባሕሩን ያያሉ። ቤተሰቡ ለዑምራ መካ የሄደ ቀን ረድኤት ብቻዋን ቀረች። የአየር ማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ የሚሰማበት ትልቅ ቤት ውስጥ ስሟን ራሷ ጮክ ብላ ጠራችው።

በጋ ሲገባ ቤተሰቡ ሙቀቱን ሸሽቶ ወደ ደጋው ጣኢፍ ተነሣ። ትልቁ ልጅ ለእሷ ሲል መካን በሚዞረው መንገድ ነዳ። ማማ ትከሻዋ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ሳለ፣ ከተራሮቹ ጀርባ የመካው ረጅም ግንብ ከነግዙፍ ሰዓቱ ብቅ አለ። ረድኤት ስልኳን አውጥታ ለኢስማኢል ደወለች።

«ሰዓቱን እያየሁት ነው» አለች በሹክሹክታ።

ደረጃ ሲሮጥ ተሰማት፤ ከዚያ ነፋስ።

«ጣሪያ ላይ ወጣሁ። በየት በኩል ነሽ?»

«እንጃ። ተራራ ብቻ ነው።»



«ልሰናበትሽ መጥቼ እስኪመሽ ጠበቅሁሽ» አለ።

«ቢቆም ደስ ይለኛል አልክ።»

«እውነት ነው አልኩ እንጂ ደስ ይለኛል አላልኩም። እውነት ሁሉ ደስ ያሰኛል እንዴ፣ ረድኤት?»

ግንቡ ከተራራው ጀርባ ገባ። እሷ እያለቀሰች እንደሆነ ያወቀችው የማማ ሻርፕ ሲረጥብ ነው።

ከዚያ ወዲያ ስልክ የማያወሩበት ቀን አልነበረም። አብሮት የሚኖረው ሲራጅ «ትስለምና ትምጣልህ» ቢለው ኢስማኢል አልወደደም። «ግማሹ ዘመዴ ክርስቲያን ነው» አላት። «ማተብሽን ለመንገድ ብለሽ እንድትበጥሺው አልፈልግም። እኔ አገሬ እገባለሁ፤ ከአጎቴ ልጅ ከኢድሪስ ጋር ችግኝ እናፈላለን። አንቺ ስትጨርሺ እዚያ ታገኚኛለሽ።»

የእሷ ኮንትራት ገና አንድ ዓመት ይቀረው ነበር።

ቤተሰቡ ወደ ጅዳ ተመልሶ፣ ኢስማኢል የሚሄድበት ቀን ሲደርስ ማማ ፈውዚያ ትንሹን ልጃቸውን ጠርተው ኤርፖርት ውሰደኝ አሉት። ለምን ቢላቸው «ዓሣ ማየት አማረኝ» አሉት። አዳራሹ ውስጥ ትልቅ የዓሣ ገንዳ አለ። ረድኤት ለማንም ምንም አልተናገረችም ነበር፤ ማማ ግን የራሰውን ሻርፕ አልረሱም፤ በዚያን ጠዋት የስልክ ሹክሹክታዋ መሐልም «ኤርፖርት» የምትለዋን ቃል ሰምተዋል።

ኢስማኢል በሰው መሐል ሲመጣ አይተው «ወደ ዓሣዎቹ አዙሪኝ» አሏት። ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ።

«ከስተሻል» አለ።

«አንተም።»

ለንግግር ብዙ ያጠራቀሙ መስሏቸው ነበር። ሲገናኙ ግን መተያየት ብቻ ሆነ። በረራው ተጠራ።

«ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ።»

በሩ ዋጠው። ረድኤት ዓይኗን ጠርጋ ወደ ወንበሩ ተመለሰች።

«ሄደ?» አሉ ማማ።

«ሄደ።»

«ይመለሳል?»

«አይመለስም፣ ማማ። እኔ ነኝ የምሄደው።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ከዓሣዎቹ ላይ አላነሡም።

«እኔንስ ያኔ ማን ይገፋኛል?»

ረድኤት ሻርፑን ትከሻቸው ላይ አስተካክላ፣ ወንበሩን ቀስ ብላ ወደ መውጫው አዞረችው።