ሮዌናን ማን ገደላት?

መርማሪ ፔርላ ወደ ለቅሶ ቤቱ ስትገባ ካርታ የሚጫወቱት ሁሉ እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ጥሩ ካርታ የደረሰው አንዱ ብቻ አልሰበሰበም። ሮዌና በሳጥኗ ተጋድማለች። ወንድሞቿ ቆንጨራ ይዘው ደጃፉን ዘግተዋል።

«ገዳዩ ይኸው!» አሉ እናቷ እማማ ፌሊሳ፣ ጣታቸውን በአማቻቸው፣ በሮዌና ባል በኒካኖር ላይ ቀስረው። «ማታ ማታ የዓሣ ሾርባ እያጠጣ መረዛት!»

«እኔም ከዚያው ድስት ነው የጠጣሁት» አለ ዓሣ አጥማጁ ኒካኖር።

«አንተማ መልሕቅ ብትውጥም አይነካህም!»

ፔርላ ወደ ቅጠል አዋቂው ወደ ቶሪቢዮ ዞረች።

«የእኔ ቅጠል ማንንም አይገድልም» አለ ቀድሟት።

«ማዳኑንስ ተወው» አለችና ሬሳውን አየች። የሟቿ ፊትና ክንዶች ቀልተዋል፤ ከወገቧ በታች ግን ቅላት የለም። እማማ ፌሊሳን ለብቻ ወደ ሰገነቱ ወሰደቻቸው።

«ጠዋት ጠዋት የት ትቀመጥ ነበር?»

«እዚሁ ነዋ! እግሯን በብርድ ልብስ ሸፍኜ ፀሐይ አሞቃት ነበር። ለታመመ ሰው ከጠዋት ፀሐይ ምን ይበልጣል?»

ፔርላ እዚያው የቆመውን ባዶ ወንበር አየች።

ሁሉንም ሰበሰበች። «የከተማው ሐኪም የጠፋ ኩላሊት እንጂ መርዝ አላገኘም። ከአፍ የገባ መርዝም የብርድ ልብስ ድንበር አያውቅም። ያቀላት ፀሐይ ነው። ሰውነታችን ውስጥ ያሉ ሕዋሳት ጊዜያቸው ሲደርስ በራሳቸው ትእዛዝ ይሞታሉ፤ ጠራጊዎችም ሬሳቸውን ያነሣሉ። የሮዌና ጠራጊዎች ደካሞች ነበሩ። ፀሐዩ የሚሞቱትን ሕዋሳት አበዛቸው፤ ያልተነሣው ሬሳ ፈረሰ። የሰውነቷ ዘቦች የፈረሰውን ጠላት ነው ብለው ተነሡ፤ ቤታቸውን ከባዕድ ሳይለዩ ኩላሊቷን አጠፉት። በሽታውን ሉፐስ ይሉታል። ቀድሞ ያወቀላት አልነበረም።»

«ፀሐይ ላይ ያወጣት ማነው?» አለ ታላቅ ወንድሟ።

ስንቱን ቀማኛ ያናዘዘችው ፔርላ ዓይኗን ከእማማ ፌሊሳ አሸሸች።

«እኔ ነኝ» አለ ኒካኖር።

ወንድምየው ተንደረደረ። ፔርላ መሀል ገባች፤ «ሳያውቅ ያደረገ ወንጀለኛ አይባልም!»

እማማ ፌሊሳ ወደ አማቻቸው ቀረቡ።

«ውሸታም» አሉ ቀስ ብለው። «አንተ በዚያ ሰዓት ባሕር ላይ ነህ። ወንበሩን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

እዚያው ወለሉ ላይ ዘጭ አሉ። ፔርላም አጠገባቸው ከመቀመጥ በቀር የምታደርገው አጣች።