ውሃ ያልጠጣ ድንጋይ

ማክሰኞ ኅዳር 13 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ፣ ግንበኛው ሻንቆ ገዘር ከተማ ካለው አሮጌ የድንጋይ ግምጃ ቤት ጓሮ ሲደርስ የሥራ ባልደረባውን ሩፋኤልን በፊቱ ተደፍቶ አገኘው። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈርክሷል፤ አጠገቡ ደም የነካው ድንጋይ ወድቋል። ሻንቆ ጮኸ። የመጣው ሰው ግን ሬሳውን ትቶ እሱን ከበበው።

«ረገምከው፤ ይኸው ሞተልህ!» አለ የሟቹ ወንድም ለማ፣ አንገቱን አንቆ።

እውነት ነው፣ ረግሞታል። እሑድ ከጸሎት ቤት ሲወጡ ሩፋኤል «ድንጋዩን በሽቦ ብሩሽ ላጥከው» ብሎ በሰው ፊት ቢያዋርደው፣ «የምንጠግነው ግድግዳ ይጫንህ!» ብሎት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት አብረው ያረጀ ድንጋይ ጠግነዋል። አሁን ሬሳውን ሊያነሳ ቢያጎነብስ በዱላ መለሱት።

«ገዳይ አይቀብርም!»

ምክትል ኢንስፔክተር ትዕግስት ከጂንካ ስትደርስ በመጀመሪያ ያየችው ግድግዳውን ነው።

«ከዚህ የጎደለ ድንጋይ የለም» አለች። «ይሄኛው ከመሬት የተነሳ ነው፤ ሥሩ አፈር ነው።»

«ምን አልኩ? መትቶት ነው! እሰሪው!» አለ ለማ።

«ዳኛው አንተ ከሆንክ እኔ ልመለስ።»

የጥገናው ተቋራጭ ሚልክያስ መጣ። ለለማ ራሱን ዝቅ አድርጎ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለ፤ እጆቹን ከጃኬቱ ኪስ አላወጣም። «ሁለቱ እንደ ድመትና አይጥ ነበሩ፣ ኢንስፔክተር። የቅርስ ኮሚቴው ዛሬ ሥራውን ሊያይ ሲመጣ እንዲህ ያለ ጉድ! እኔ ከዓርብ ወዲህ እዚህ አልረገጥኩም።»

ትዕግስት ሻንቆን ወደ ግድግዳው ወሰደችው።

«የድንጋዩን መጋጠሚያ በሲሚንቶ ነው የምትሞሉት?»

«ይሄን ቤት? ሩፋኤል ይገድለኝ ነበር» አለና በቃሉ ደነገጠ። «ሲሚንቶ እርጥበቱን ድንጋዩ ውስጥ ይቆልፍበታል፤ ድንጋዩ ፊቱ እየተላጠ ይረግፋል። የምንሞላው በኖራ ነው። መጋዘን ያለው ሲሚንቶ ለአጥሩ ነው።»

«ቁልፉስ?»

«አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ሚልክያስ ጋ። ሩፋኤል አልይዝም አለ።»

ለማ ከኋላ ሳቀ። «በገዛ አፉ!»

«ይሄን መቼ ሞላችሁት?» አለች ትዕግስት።

«ዓርብ።» ሻንቆ ኖራውን በአውራ ጣቱ ጫን ሲለው ጥፍሩ ገባ። «ኖራ ቀስ ብሎ ነው የሚይዘው።» ደረቱ ትይዩ ያለውን መጋጠሚያ ሲነካ ግን ጥፍሩ ተመለሰ። ላዩ ላይ ኖራ ተነስንሶበታል፤ ዳሩ ከድንጋዩ ተላቆ ተሰንጥቋል፤ የጣት ፈለግም አለበት። ሻንቆ ሐዘኑን ረስቶ ተናደደ። «ይሄ ሲሚንቶ የማን ሥራ ነው? ድንጋዩን ውሃ እንኳ ሳያጠጣው! ደረቅ ድንጋይ ውሃውን መጥጦ ያሰነጥቀዋል።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትዕግስት ሁሉንም ጓሮው ውስጥ ሰበሰበችና ያንን መጋጠሚያ በሻንቆ አስፈለፈለችው። ከአዲሱ ሲሚንቶ ሥር የቆየ ሲሚንቶ ወጣ።

«እናንተ በሌላችሁበት እዚህ የተሠራበት ጊዜ አለ?»

«ነሐሴ ላይ። ሩፋኤልን ወባ ጥሎት ጂንካ ሳስታምመው ከረምኩ።»

ለማ መሬት መሬት አየ።

«ትናንት ማምሻውን» አለች ትዕግስት፣ «ሩፋኤል ነሐሴ ላይ የተሞላውን ይሄን የቆየ ሲሚንቶ አገኘ፤ ለኮሚቴው ሊያሳይ ፈለፈለው። ያኔ በሲሚንቶ ያስሞላው ሰው ደረሰበትና በድንጋይ መታው። ቀዳዳው እስኪነጋ መደፈን ነበረበት፤ ኖራ ደግሞ እስኪነጋ አይደርቅም፤ እርጥበቱ ያሳብቃል። ስለዚህ ሲሚንቶ አመጣ። መጋዘኑን የሚከፍቱት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ደረቅ ድንጋይ ላይ ልለጥፍ ቢል እጁ እምቢ ይለዋል። ሁለተኛው ሲያዝዝ የኖረ ነው፤ መሣሪያ እንኳ አልያዘም፣ በጣቱ ለሰነው። ሲሚንቶ ጣት ይበላል። አቶ ሚልክያስ፣ ሐዘንተኛ ያልጨበጡበትን እጅ ያሳዩን።»

«ይሄ ስድብ ነው! አለቃሽ ጋ—»

ለማ የሚልክያስን ክንድ ይዞ እጁን ከኪሱ ጎተተው። የጣቶቹ ጫፍ ነጥቶ ተልጧል፤ ሥጋው ይታያል።

«ነሐሴ ላይ እነሱ ሲጠፉ ሥራው እንዳይቆም በሲሚንቶ አስሞላሁት። ኮሚቴው ቢያየው ሁለተኛ ሥራ የሚሰጠኝ አልነበረም» አለ ሚልክያስ በመጨረሻ። «ዝም በል አልኩት። ዝም አይልም።»

«እሱማ አይልም» አለ ሻንቆ።

በማግስቱ ቀብሩ ላይ ለማ ሻንቆን ይቅርታ አልጠየቀም፤ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ግን ለቀቀለት።

ሚልክያስ አሥራ ስምንት ዓመት ተፈረደበት። ሻንቆ ሲሚንቶውን ፈልፍሎ የጨረሰው መጋቢት ላይ ነው፤ ስድስት ድንጋዮች አልዳኑም።