የረቡዕ ጠርሙሶች

ስድስት ጊዜ ነው። ሦስቴ በቧንቧ ውሃ፣ ሦስቴ በተጣራ ውሃ። የላቦራቶሪ ጠርሙስ ከሳሙና የሚጸዳው እንዲህ ሲለቀለቅ ብቻ ነው። ወጣቱ አጣቢ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ስለሚቆጥር በዕቃ ማጠቢያው ክፍል «ቆጣሪው» ይሉታል።

ስሙን ያወጡለት አለቃው እትዬ ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ ምላስህንም ከጠርሙሱ ጋር አጥበህ ደፋኸው እንዴ? እስቲ አንድ ቀን እንኳ ተናገር!»

እሱ ፈገግ ይልና ሥራውን ይቀጥላል።

ተመራማሪዋ ግን ታናግረዋለች። ፎቅ ላይ ባለው ላቦራቶሪ የዶክትሬት ጥናቷን የምትሠራ፣ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የምትይዝ ልጅ ናት። መጀመሪያ የተገናኙት ደረጃው ላይ ነው። የተሸከመችው ሣጥን ሲያዳልጣት ከሥር ደገፈላት።

«አይዞዎት ዶክተር፣ ይዤዋለሁ።»

«ገና ዶክተር አልሆንኩም» አለች እየሳቀች። «ይህ ቢሰበር ኖሮ ደግሞ መቼም አልሆንም ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ጠርሙስ ልትወስድ ስትመጣ ትንሽ ትቆያለች። አንድ ቀን ደፍሮ ምን እንደምትሠራ ጠየቃት።

«አረም ነቅለህ ታውቃለህ?»

«ሥሩ ከቀረ ተመልሶ ይበቅላል።»

«ካንሰርም እንደዚያ ነው። መድኃኒቱ ብዙውን ሕዋስ ይገድላል፤ ግንድ ሕዋስ የሚባሉት ጥቂቶች ግን ይተርፋሉ። በሽታው ከእነሱ እንደገና ይነሣል። እኔ የምፈልገው እነሱ ላይ ያለ፣ ጤነኛው ሕዋስ ላይ የሌለ ፕሮቲን ነው። እሱ ከተገኘ መድኃኒቱ የት እንደሚመታ ያውቃል።»

«ካልተገኘስ?»

«አምስት መርጫለሁ። ከአምስቱ አንዱስ እንዴት ይጠፋል?»

የተማረው እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ነው። ከእሷ ጋር ሲያወራ ግን ይህን ይረሳዋል።

አንድ ሐሙስ እየሮጠች መጣች።

«ቆጣሪው፣ ሞቱ! ሞቱ እኮ!»

ክው አለ። «ማን ሞተ?»

«ግንድ ሕዋሳቱ ናቸዋ! የመጀመሪያውን ፕሮቲን የሚዘጋውን መድኃኒት ስሰጣቸው ሁሉም ሞቱ። ያልሰጠኋቸው ግን ደህና ናቸው።» እርጥብ እጁን ከነጓንቱ ጨበጠችው። «ሰኞ ለፕሮፌሰሩና ለሐኪሞቹ አቀርባለሁ። ከተቀበሉት ወደ አይጥ ሙከራ ይሄዳል!»

ከሄደች በኋላ ያገለገሉት ጠርሙሶች ለእጥበት ወረዱ። እያንዳንዱ ላይ የታጠበበትን ቀን የሚጽፈው እሱ ነው። ከእሱ ጽሑፍ ሥር የሕዋሳቱን ምግብ ስትቀላቅልበት እሷ የጻፈችው አለ። ባለፈው ሳምንት ሰኞ የታጠቡት ላይ «ያለ መድኃኒት» ይላል። ባለፈው ሳምንት ረቡዕ የታጠቡት ላይ «ከመድኃኒት ጋር» ይላል።

ረቡዕ የሚለውን ሲያይ ያን ቀን አስታወሰ።

ያን ረቡዕ የቧንቧውን ሦስት ጊዜ እንደጨረሰ በመስኮቱ ብቅ ብላ ነበር። «እሑድ ምን ትሠራለህ?» አለችው። «ልብሴን አጥባለሁ» ቢላት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ስትሄድ ልቡ አብሯት ሄደ። ጠርሙሶቹን ሰብስቦ ማድረቂያው ውስጥ ከተታቸው። ሊወጣ ሲል የተጣራው ውሃ በርሜል ጠዋት እንደነበረው ሙሉ ሆኖ አይቶት ገርሞትም ነበር።

ለእትዬ ነገራቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ዝም በል። ሥራህን ታጣለህ፣ እሷንም ታጣለህ። የግድ ከተናገርክም የውሃ ማጣሪያው ማሽን ተበላሽቶ ነበር በል።»

«ሰው ሊታከምበት እኮ ነው፣ እትዬ።»

እትዬ ጓንታቸውን አጥልቀው ወደ ገንዳው ዞሩ።

ቅዳሜ ጠዋት ደረጃውን ወጣ። ለሰኞ የምታሳየውን ሥዕል በኮምፒውተር እያስተካከለች ነበር።

«ቆጣሪው! እዚህ ምን አመጣህ?»

በሩ ላይ ቆሞ ነገራት። «የረቡዕ ጠርሙሶች ሳሙና ነበረባቸው።»

«የምን ሳሙና?»

«በተጣራ ውሃ አላለቀለቅኋቸውም። መድኃኒት የሰጧቸው ሕዋሳት ምግብ የተቀላቀለው በእነሱ ነው። የሌሎቹ ግን በሰኞዎቹ ነው። ሕዋሳቱን የገደላቸው የእኔ ሳሙና ሊሆን ይችላል።»

እጇ ኮምፒውተሩ ላይ እንዳለ ቀረ።

«አንተ እኮ ትቆጥራለህ» አለች ቀስ ብላ። «ሁልጊዜ ትቆጥራለህ። ምን ሆነህ ነው?»

የማሽኑ ውሸት ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች። ዋጣት።

«እርስዎ መጥተው ነበር። እሑድ ምን ትሠራለህ ብለው ጠየቁኝ። እርስዎ ሲመጡ ሁልጊዜ ቁጥሩ ይጠፋኛል፤ ሌላ ጊዜ እንደ አዲስ እጀምራለሁ። የዚያን ቀን ግን ደስ ብሎኝ ረሳሁት።»

ትክ ብላ አየችው። ፊቷ ቀላ፣ ከዚያ ነጣ።

«ውጣ» አለችው። «እባክህ፣ አሁን ውጣ።»

ሰኞ ሳታቀርብ ቀረች። ተራዋ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሙከራውን ከመጀመሪያው ጀመረችው። ጠርሙሶቹንም ራሷ ልታጥብ መጥታ ከጎኑ ባለው ገንዳ ቆመች።

«ልርዳዎት?»

«አይ።»

ሁለቱ ጎን ለጎን አጠቡ። ከሥራ መባረሩን በየቀኑ ጠበቀ፤ ማንም አልጠራውም። ዝንብ እንኳ የማይገድለው ልጅ ሕዋሳቱ ዳግም እንዲሞቱ ሲለምን ሰነበተ። ከሞቱ ሳሙናው ምንም አላደረገም ማለት ነው። ከኖሩ ግን የሦስት ዓመት ተስፋዋን ውሃ በላው።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ በሩ ላይ ቆመች።

«ና።»

ጓንቱን ሳያወልቅ ተከተላት። ማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጠችው።

«ይህን አዙር። እስኪጠራልህ ድረስ።»

መጀመሪያ ጭጋግ ብቻ ነበር። ከዚያ ጠራ። እንደ ወይን ዘለላ የተሰባሰቡ፣ የሚያብረቀርቁ ትናንሽ ክቦች ታዩት።

«ያምራሉ» አለ። ወዲያው ገብቶት አፉን ያዘ። «መድኃኒት የሰጧቸው ናቸው?»

«አዎ።»

«ኖሩ?»

«ኖሩ። በልተው ጠግበው ወለዱ።» ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ተሰብሮ እንባ ሆነ። «ያ ፕሮቲን አይደለም። ባትነግረኝ ኖሮ ሌላ ሦስት ዓመት የአንተን ሳሙና ሳጠና እከርም ነበር።»

«ተቀይመሽኛል?» አለ። አንቺ ማለቱን ራሱም አላወቀም።

«አራት ቀን ተቀየምኩህ። ከዚያ ሳስበው ጥፋቱ የእኔም ነው። ሁለቱንም በአንድ ቀን ጠርሙስ ማዘጋጀት ነበረብኝ። ለፕሮፌሰሩም ይህንኑ ነው የነገርኳቸው።» እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «የቀረውን ሰባት ቀን ደግሞ ፈርቼ ነው።»

«ምን ፈርተሽ?»

«ከጎንህ ቆሜ ቀና ብለህ አታየኝም። ሁለተኛ አያናግረኝም ብዬ ነዋ።»

ጓንቱን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ።

«ምሳ በልተሃል?»

«አልበላሁም።»

«እኔም ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም። ተነሥ።»

ኮሪደሩ ላይ ፕሮፌሰሩ ከሁለት ሐኪሞች ጋር ቆመዋል።

«ውጤቱስ?»

«አልሠራም፣ ፕሮፌሰር። ነገ ሁለተኛውን ፕሮቲን እጀምራለሁ።»

ፕሮፌሰሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓይናቸው ውሃ ወደሚያንጠባጥበው የጎማ ጫማ ወረደ።

«ይሄ ልጅ እዚህ ምን ያደርጋል?»

እሱ ወደ ግድግዳው ሊጠጋ እግሩን አነሣ። እጅጌውን ያዘችው።

«ከእኔ ጋር ነው» አለች።

ደረጃውን ወርደው እስኪጨርሱም አልለቀቀችውም።