ሚዛኑ ላይ የቀረው 3.2 ኪሎ

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ጀምሬ አጥፍቼዋለሁ። ዛሬ ግን ልልከው ነው። ፈጠራ ነው የሚል ካለ መብቱ ነው፤ እኔ ግን ወላሂ ብዬ ነው የምጽፈው... ሆኗል።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ ነበር፤ ፀሐይ አናት ላይ።

ህዳር 2007 ዓ.ም.። ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው አስፋልት ዳር አንድ የማሾ መረከቢያ መጋዘን ነበር። ሰላሁዲን እባላለሁ፤ የመጋዘኑ መዛኝ ነበርኩ።

ሚዛናችን ዲጂታል ነው። ወለሉ ላይ የተነጠፈ ሰፊ ብረት፣ ግድግዳው ላይ ቀይ ቁጥር የሚያበራ ሳጥን፣ ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ ሲም ካርድ። ጆንያው ብረቱ ላይ ሲያርፍ ኪሎው ወዲያውኑ ወልዲያ ዋናው ቢሮ ይደርሳል። እዚያ የምትቀበለው ሕይወት ናት፤ በአካል ሳንተያይ በስልክ ብቻ የተላመድን ሴት።

ሳጥኑ ላይ "ዜሮ" የሚባል ቁልፍ አለ። ብረቱ ላይ አቧራ ወይም የፈሰሰ እህል ሲቀር እሱን እጫናለሁ። ሚዛኑም የቀረውን ነገር እንደሌለ ይቆጥረዋል።

እንደሌለ... ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ባለቤቴ አሲያ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ስለዚህ ጤና ጣቢያ "ኪሎሽን ተከታተይ" ካሏት ጀምሮ ሁለታችንም እንቅልፍ የለንም። ምሳዬን ይዛ ስትመጣ ሚዛኑ ላይ ትወጣለች። ግማሽ ኪሎ የጨመረች ቀን እንደ ልጅ ስንስቅ እንውላለን።

ሕይወት እየደወለች ትቀልድብኛለች። "ሰላሁዲን፣ ያቺ 64 ኪሎ ማሾ ዛሬም መጣች?"

ዘበኛው ጋሽ ፈንታው ግን አይስቁም። የዚያን ቀን ለምሳ ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉ።

"አንተ ልጅ፣ ቀትር ነው እኮ። እርጉዝ ሴት በቀትር አትዞርም።"

"አብሽሩ ጋሽ ፈንታው" ብዬ ሳቅሁባቸው።

አሲያ ጫማዋን አውልቃ ወጣች። 64.6።

"አልሐምዱሊላህ" አለችና ወረደች።

ቁጥሩም ወረደ... ግን ዜሮ ላይ አልደረሰም።

3.2።

ብረቱን አየሁት። ባዶ ነው። መጥረጊያ አምጥቼ ጠረግሁት። ተንበርክኬ ሥሩን አየሁ። ምንም የለም።

3.2... 3.4... 3.2።

ይዋልላል። ለዓረፋ ፍየል የመዘንን ጊዜ እንዲህ ሲዋልል አይቻለሁ። ነፍስ ያለው ነገር ሚዛን ላይ አይረጋም።

"ምንድን ነው?" አለች አሲያ።

"ቆሻሻ ነው።"

እጄን ዘርግቼ ዜሮን ተጫንኩ።

0.0።

አሲያ ሆዷን ያዝ አደረገች።

"ደህና ነሽ?"

"ምንም... ቅልል አለኝ።"

ደስ ብሎኝ እስከ አስፋልቱ ሸኘኋት። አዎ፣ ደስ ብሎኝ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ስመለስ ስልኬ ይጮኻል። ሕይወት ናት።

"ቅድም 3.2 የላክህልኝ ምንድን ነው?"

"ቆሻሻ ነበር። ዜሮ አድርጌዋለሁ።"

"እሺ" ብላ ዘጋችው።

በአምስተኛው ቀን ሴት ልጅ ተወለደችልን። ጣቷ፣ ጥፍሯ፣ ፀጉሯ ሁሉ ሙሉ ነው። ስታለቅስ ሰማሁና ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እኔም አለቀስኩ።

አዋላጇ ሲስተር ዘነበች የሕፃን ሚዛን ላይ አስተኛቻት። መርፌው አልተነቃነቀም። ሚዛኑን መታ መታ አደረገችው። ሌላ አስመጣች። ያም አልተነቃነቀም። ቀና ብላ አየችኝ... ከዚያ ካርዱ ላይ 3.2 ብላ ጻፈች።

"እንዴት አወቅሽ?" አልኳት።

"በግምት ነው" አለች። ካርዱን አጥፋ ሰጠችኝ።

ልጄን ተቀብዬ አቀፍኳት። ባዶ ጆንያ የያዝኩ ያህል ነበር።

ለማንም አልተናገርንም። እኔም ከዚያ ወዲህ በምሳ ሰዓት መጋዘኑን ቆልፌ ቤቴ መሄድ ጀመርኩ። አሲያ ስታጠባት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። አንድ ቀን፣ "ትጠባለች... ጡቴ ግን አይጎድልም" አለችኝ።

አርባ ቀኗ ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቤት ምሳ ልበላ ስቀመጥ ሕይወት ደወለች። እጄን ታጥቤ ስለነበር በድምፅ ማጉያው ከፈትኩት። ታንሾካሹካለች።

"ሰላሁዲን... በምሳ ሰዓት መጋዘኑ ውስጥ ማን አለ?"

"ማንም። ቁልፉ እኔ ኪስ ነው።"

"በየቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ኪሎ ይመጣል። ብልሽት መስሎኝ ዝም አልኩ። መጀመሪያ 3.2 ነበር። ከዚያ 3.4። ከዚያ 3.8። ትናንት 4.4።"

ሰሃኑን ገፋ አደረግሁት።

"እኔም ወልጄ አሳድጌያለሁ" አለች። "እንዲህ የሚጨምረው ልጅ ነው።"

ስልኩን ስዘጋ አሲያ ከኋላዬ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። ልጅቷን ጠቅልላ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝና፣ "ተነስ፣ ውሰደኝ" አለች።

በባጃጅ ደረስን። ጋሽ ፈንታው ለምሳ ወጥተዋል። መጋዘኑን ከፈትኩ።

0.0።

ቆመን ጠበቅን። ቆርቆሮው በሙቀቱ ይንጣጣል።

ስድስት ሰዓት ከሩብ።

4.6... 4.4... 4.8።

ብረቱ ባዶ ነው!

ልጅቷን ቀስ አድርጌ ብረቱ ላይ አስተኛኋት። ቁጥሩ ምንም አልጨመረም። አነሳኋት። ምንም አልቀነሰም።

እጄ ሳላስበው ወደ ዜሮ ቁልፍ ሄደ።

"ጣትህን አንሳ!"

አሲያ እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም።

መሬት ላይ ቁጭ አለች። ባዶውን ብረት በመዳፏ መታ መታ ታደርገው ጀመር።

"እሹሩሩ... እሹሩሩ..."

ቁጥሩ መዋለሉን ተወ። 4.6። ጸጥ።

ከዚያ ሁለት እጇን ዘርግታ አንድ ነገር አቅፋ አነሳች። ክንዷ ሲከብደው አየሁ።

0.0።

ደረቷ ላይ አስጠግታ በሻሿ ሸፈነችው። ክንዷ ውስጥ ምንም አይታየኝም። ቀሚሷ ግን ጡቷ ላይ በወተት ረጠበ።

"አሲያ... ልጃችንስ?" አልኳት፣ የታቀፍኳትን እያሳየኋት።

ዞራም አላየችኝ።

"እሷን አንተ ያዛት" አለች። "እኔ ልጄን ይዣለሁ።"

እያባበለች ፀሐዩ ውስጥ ወጥታ ሄደች።

ቀስ ብዬ ወደ ክንዴ አየሁ። ጥቅሉ ውስጥ ያለችው አታለቅስም። በሩን ነው የምታየው... አሲያ አስፋልቱን እስክትሻገር ጠበቀች።

ከዚያ ዓይኗን ወደ እኔ መለሰችና ክንዴ ላይ... ቀስ በቀስ... መክበድ ጀመረች።